ነሺዳው ተወደደ፣ ችግኙ ግን ደረቀ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የአድማጮችን ደብዳቤ መሠረት አድርጎ የቀረበ ንግግር ለኅትመት ተስተካክሎ የወጣ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬውን ርዕስ ያስመረጠን ከደቡብ ወሎ፣ ከአንዲት አነስተኛ ከተማ የደረሰን ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው በመድረሳ የሚያስተምር ወጣት ሲሆን አሥራ ሁለት ልጆች ያሉበት የነሺዳ ቡድንም ይመራል። ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ የመስጊዳቸው ጀመዓ በመስጊዱ ግቢና በመቃብሩ ዙሪያ ስልሳ የወይራ፣ የጽድና የግራር ችግኞች ሲተክል ልጆቹ ስለ ምድር መሞቅና ስለ ዝናብ መጥፋት የተገጠመ ነሺዳ አቀረቡ። ሽማግሌዎች አለቀሱ። ወጣቶች በስልካቸው ቀዱት። በሳምንቱ ነሺዳው ከከተማዋ አልፎ በአጎራባች ቀበሌዎች ሁሉ ተሰማ። «ጥር ላይ ግን» ይላል ወንድማችን፣ «ቆመው የተገኙት ችግኞች ሰባት ብቻ ናቸው። ነሺዳው እስከ ዛሬ በየሠርጉ ይባላል። ግጥማችን ምን ጎድሎት ነው?»

ጥያቄው ከልብ የወጣ በመሆኑ በሁለት መስመር መልሰን ልናልፈው አልወደድንም። ደግሞም የእርሱ ብቻ ጥያቄ አይደለም። በዓለም ዙሪያ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ዜማ የሚደርሱ ሰዎች ሁሉ የሚጋጩት ከዚሁ ግድግዳ ጋር ነው። ሰው ይሰማል፣ ያደንቃል፣ ያለቅሳል፤ ከዚያም ወደነበረበት ይመለሳል።

በመጀመሪያ ዜማ አካልን ያንቀሳቅሳል ወይስ አያንቀሳቅስም የሚለውን እንመልከት። ለወሎ ሰው ስለዚህ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ማንበብና መጻፍ ያልታደለው ወገናችን ዐቂዳውንና ፊቅሁን፣ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲራ ጭምር፣ ከመንዙማ በጆሮው ተምሯል። ከዚህ የሚቀድም ማስረጃም አለን። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ አንጀሻህ የተባለ ድምፀ መልካም ሰው በጉዞ ላይ ሴቶችን የጫኑ ግመሎችን በዜማ ይነዳ ነበር። ግመሎቹ በዜማው ተስበው ፍጥነት ሲጨምሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተጫኑትን ሴቶች በቀላሉ በሚሰበር ብርጭቆ መስለው ቀስ እንዲል አዘዙት። እንግዲህ እንስሳውን ያፈጠነ ዜማ ሰውን ያንቀሳቅሳል ቢባል የሚያስገርም አይደለም።

ለወንድማችን ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የኸንደቅ ቁፋሮ ነው። በአምስተኛው ዓመተ ሒጅራ መዲና ከመከበቧ በፊት ሶሐቦች ብርድና ረሃብ እየተፈራረቀባቸው ምሽግ ይቆፍሩ ነበር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አፈሩ ሆዳቸውን እስኪሸፍነው ድረስ ከእነርሱ ጋር አፈር ይሸከሙ፣ የዐብደላህ ኢብኑ ረዋሓን (ረ.ዐ) ግጥም እየደጋገሙ ያነበንቡ፣ የመጨረሻዋን ቃል ሲደርሱ ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጉ እንደነበር አል-በራእ ኢብኑ ዓዚብ (ረ.ዐ) ተናግረዋል። ልብ በሉ፤ ግጥሙ የተባለው ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላ በድግስ ላይ አይደለም። አካፋው ከአፈሩ ሳይወጣ ነው። መሪውም እጃቸውን ሰብስበው ዳር የቆሙ አልነበሩም። ድምፁ ከፍ የሚልባት ቃል ደግሞ አጭር ነበረች፤ የደከመ ሰው ሁሉ ሊቀበላት ይችላል። ወደዚህ ነጥብ እንመለስበታለን።

አሁን ደግሞ በዘመናችን የተሞከረውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዳንኤል ክሮፎርድ የተባለ ተማሪ ከጂኦግራፊ መምህሩ ከስኮት ሴንት ጆርጅ ጋር ያልተለመደ ሥራ ሠራ። ተማሪው ቼሎ ተጫዋች ነው። ቼሎ በጉልበት መሐል ተይዞ በደጋን የሚመታ ትልቅ የክር መሣሪያ ነው፤ የማሲንቋችን የሩቅ ዘመድ ልንለው እንችላለን። ናሳ የተባለው የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ካጠናቀረው መረጃ ከ1880 እስከ 2012 ያለውን የምድር አማካይ ሙቀት ወሰደና ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ድምፅ ሰጠው። በጣም ቀዝቃዛው ዓመት የቼሎው የመጨረሻ ወፍራም ድምፅ ሆነ። ከዚያ ሙቀቱ በ0.03 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በጨመረ ቁጥር ድምፁ ግማሽ ደረጃ ይቀጥናል። ዜማው ሲጀምር ከታች ያጉረመርማል፣ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ወደ መጨረሻዎቹ ዓመታት ሲደርስ ግን እየቀጠነ ወደ ጩኸት ይጠጋል። አቀናባሪው አንዲት ድምፅ ከራሱ አልጨመረም፤ ድርሰቱን የሰጠው ቁጥሩ ነው። በ2015 ደግሞ ሥራውን ለአራት መሣሪያዎች አስፋፍቶ አንዱን ለምድር ወገብ አካባቢ፣ ሌሎቹን ወደ ሰሜን ዋልታ ለሚሄዱት ቀጠናዎች መድቦ አሰማ። ዋልታው ከሌላው በበለጠ ፍጥነት እየሞቀ መሆኑን ሰንጠረዥ የማያነብ ሰውም በጆሮው ይለየዋል።

እዚህ ላይ «የክር መሣሪያ ዜማ በኢስላማዊ ዝግጅት ለምን ይነሳል?» የሚል አድማጭ እንደሚኖር እናውቃለን። የአራቱ መዝሀብ አብዛኞቹ ዑለማዎች የክር መሣሪያን እንደሚከለክሉ፣ እንደ ኢብኑ ሐዝም ያሉ ደግሞ ማስረጃውን በሌላ መንገድ እንዳዩት፣ ዱፍ በሠርግና በዒድ እንደተፈቀደ በተለያዩ ዝግጅቶቻችን ተነጋግረናል። ወንድማችንም ቡድኑ በድምፅና በዱፍ ብቻ እንደሚሠራ ነግሮናል፤ እኛም በዚያው እንዲቀጥል ነው የምንመክረው። የክሮፎርድን ሥራ ያነሳነው መሣሪያውን ለመውሰድ ሳይሆን እውነትን ሳያጋንኑ ማሰማት እንደሚቻል ስለሚያሳይ ነው። ይሁንና ያም ሥራ ቢሆን ጆሮን ያነቃል እንጂ እጅ ምን እንደሚሠራ አይናገርም። ሰሚው ደንግጦ ይነሳና የት እንደሚሄድ አያውቅም።

ብዙ ሕዝብ የሰበሰበው ሙከራስ? እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2007 «ላይቭ ኧርዝ» በሚል ስያሜ፣ የቀድሞው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር ከአዘጋጆቹ አንዱ የሆኑበት የሙዚቃ ዝግጅት በአንድ ቀን በሰባቱም አህጉራት ቀረበ። አንታርክቲካ ላይ እንኳን በምርምር ጣቢያ የሚሠሩ ሳይንቲስቶች ተጫውተዋል። ወዲያው ግን ዘፋኞቹ በአውሮፕላን ሲመላለሱ የተቃጠለው ነዳጅ ትችት አስነሳ። ትችቱ ሁሉ ቅን ነበር አንልም፤ ግን አንድ ቁም ነገር አለው። ሰሚ የዘፈኑን ቃል ብቻ አይሰማም፤ የዘፋኙንም እግር ያያል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነው ምሳሌ ደግሞ የ77ቱ ረሃብ ነው። ናይሮቢ የተወለደው የካሜራ ባለሙያ ሙሐመድ አሚን በኮረም የቀረጸው ምስል ከማይክል በርክ ዘገባ ጋር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1984 በቢቢሲ ታየ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞች ተሰብስበው አንድ ዘፈን አወጡ፤ በእንግሊዝ ብቻ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ። በቀጣዩ ዓመት ጁላይ 13 በለንደንና በፊላደልፊያ ታላቁ የ«ላይቭ ኤይድ» ዝግጅት ተደረገ። ዜማ ኪስ ያስፈታል ወይ ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም፤ እህል ገዝቷል፣ ነፍስም አትርፏል። ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ነገር ግን የዘፈኑ ርዕስ እነዚህ ሰዎች ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ነበር። በኮረም ሜዳ ከተሰለፉት መካከል ሙስሊሞች ነበሩ፤ ክርስቲያን ወንድሞቻቸውም ገናን በታኅሣሥ መጨረሻ ያከብራሉ እንጂ በፈረንጅ ቀን አይደለም። የተዘፈነላቸው ሰዎች በዘፈኑ ውስጥ ድምፅ አልነበራቸውም። ጥሪው የተላለፈው ለሌላ ሰው ስለነበር የጠየቀውም ሌላው ሰው ሊሰጥ የሚችለውን ነው፤ ገንዘብ። ገንዘቡም መጣ። እንግዲህ ዜማ የሚያስገኘው የጠየቀውን ነው ማለት ነው። ወደ ወንድማችን ነሺዳ ስንመለስ የሚያስፈልገን ይህ ሐሳብ ነው።

ግጥሙን ከደብዳቤው ጋር አያይዞ ልኮልናል። ሃያ አራት ስንኝ ነው፤ ቤት አመታቱም ያማረ ነው። ከሃያ አራቱ አሥራ ስምንቱ ስለ ጥፋት ይናገራሉ፤ የዋልታ በረዶ ይቀልጣል፣ ባሕር ይነሣል፣ ደሴት ይሰጥማል። ስድስቱ ዛፍ ጥላና ውበት እንደሆነ ያወሳሉ። ችግኙን ከተተከለ በኋላ ማን፣ መቼ፣ በምን ውሃ እንደሚያጠጣው የሚል አንድም ስንኝ የለበትም። አልተጠየቀም፤ ስለዚህ አልተደረገም።

በረዶውንስ ለምን መረጠ? ሰሚዎቹ የዋልታን በረዶ አይተው አያውቁም። በልግ ጠብቀው የሚዘሩ ደገኞች ናቸው፤ በልጉ እንደዘገየ፣ ቢመጣም በአንድ ቀን ጎርፍ ሆኖ አፈራቸውን ጠርጎ እንደሄደ ይናገራሉ። «የአየር ንብረት ለውጥ» የቢሮ ቃል ነው። ገበሬው በቤቱ የሚናገረው ቃል እያለ የስብሰባውን ቃል በዜማ መጫን ጆሮውን ማራቅ ነው። ምሳሌ ካስፈለገ ቅርብ ምሳሌ ሞልቷል። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው የቦረና ከብት ሜዳ ላይ ሲያልቅ አይተናል። የዓለም አየር ጠባይ ተመራማሪዎች በኤፕሪል 2023 ባወጡት ጥናት በምሥራቅ አፍሪካ እንዲህ ያለው ድርቅ የመከሰት ዕድል በሰው ሠራሽ ሙቀት ምክንያት ቢያንስ መቶ እጥፍ ገደማ መጨመሩን አመልክተዋል። በ2024 የሐጅ ወቅት ደግሞ የመካ ሙቀት ከ51 ዲግሪ አልፎ ከ1,300 በላይ ሑጃጆች መሞታቸውን የሳዑዲ መንግሥት ራሱ አሳውቋል፤ አላህ ይዘንላቸው። ይህ ለሙስሊም ሰሚ ከየትኛውም ደሴት ይልቅ ልብ ውስጥ ይገባል።

ከዚህ ጋር እውነትን መጠበቅ ያስፈልጋል። ነሺዳው ስልሳ ችግኝ ሰማዩን ያድናል ማለት የለበትም፤ አያድንምና። በአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ፋብሪካዎች ከመስፋፋታቸው በፊት ከአንድ ሚሊዮን እጅ 280 ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ይህ የሆነው በዋናነት ድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ በመቃጠሉ ሲሆን የአፍሪካ ድርሻ ከመቶ አራት እጅ እንኳን አይሞላም። የወሎ ገበሬ ያላቃጠለውን ነዳጅ ዕዳ እንዲከፍል ማስለቀስ ግፍ ነው። ችግኙ የሚያስፈልገው ለሌላ ነው፦ አፈሩን ይይዛል፣ የዝናቡን ውሃ ወደ መሬት ያሰርጋል፣ ሙቀቱ ሲበረታ ለሰጋጁ ጥላ ይሆናል። ይህን መናገር በቂ ነው። ሰማዩን ስለሚያሞቁት ሰዎች መናገር የፈለገ ደግሞ ሌላ ነሺዳ ለሌላ ሰሚ ይግጠም፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በአሜሪካ ላሉ፣ አጭር መንገድ በመኪና ለሚሄዱና ማቀዝቀዣውን ሌሊቱን ሙሉ ለሚለቁ ወገኖቻችን የሚሆን።

ዑለማዎቻችን ስለ ተርጊብና ተርሂብ ያስተምሩናል፤ ማስፈራራት ያለ ተስፋ ሰውን ያደክመዋል። በሱረቱ ሩም አንቀጽ 41 በየብስና በባሕር ጥፋት የታየው የሰዎች እጅ በሠራው ምክንያት መሆኑ ተነግሯል፤ ነገር ግን አንቀጹ የሚያበቃው በመመለስ ተስፋ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስም ሙስሊም ተክል ተክሎ ወፍም ሆነ ሰው ወይም እንስሳ ከተክሉ ቢበላ ለተካዩ ሰደቃ እንደሚሆንለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። በጥር የደረቀ ወይራ ማንን ያበላል? የተካዮቹ ኒያ አጅር የለውም ማለታችን አይደለም፤ ይህ በአላህ ዘንድ ያለ ነው። ነሺዳው ግን ሐዲሱን እስከ መጨረሻው ቢያደርሰው ጥሩ ነበር፤ እስከ ወፏ ድረስ።

ችግሩ የወንድማችን መንደር ብቻ እንዳይመስለን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአገር አቀፍ ደረጃ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ሲነገር በየአደባባዩ ዘፈን ነበር። የሐምሌ ዘፈን ብዙ ነው። የጥር ዘፈን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

እንግዲህ ለወንድማችን የምንሰጠው ምክር ይህ ነው። አዲሱ ነሺዳ አንድ ሥራ ብቻ ይጠይቅ፤ ማጠጣትን። ሁለተኛው ነሺዳ ሌላውን ይጠይቃል። ውሃው ከየት ይምጣ ለሚለው መልሱ በመስጊዱ ግቢ ውስጥ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ሁለት መዳፍ ገጥሞ በሚታፈስ መጠን፣ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበር በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። እኛ ቧንቧውን ከፍተን ስንቱን እንደምናፈስ ለማወቅ ለአንድ ሰላት ጀሪካን ከቧንቧው ሥር አስቀምጡና ለኩ። ለዉዱእ ያገለገለው ውሃ ጦሃራ በመሆኑ ለተክል ቢፈስ ምንም ችግር የለውም። ከዉዱእ ቦታው እስከ ችግኞቹ ጠባብ ቦይ መቆፈር የአንድ ጁሙዐ ከሰዓት ሥራ ነው። የመቃብሩ ዳር ቦይ ስለማይደርሰው ልጆቹ በባልዲ ያመላልሱ።

አገጣጠሙን በተመለከተ፣ እኔ ገጣሚ አይደለሁም፤ ለማሳያ ያህል ግን፦

አውጪው፦ በሐምሌ ተከልነው፣ ዝናብ እያገዘን፣
ተቀባዮቹ፦ በጥር ማን ያጠጣው? እኛው ነን፣ እኛው ነን።
አውጪው፦ የዉዱእ ውሃችን፣ በከንቱ አይፍሰስ፣
ተቀባዮቹ፦ ከችግኟ እግር ሥር፣ በቦዩ ይድረስ።

ከዚህ የተሻለ እንደምትገጥሙ አልጠራጠርም። ሆኖም «እኛው ነን» የምትለዋን ለምን ለተቀባዮቹ እንደሰጠኋት እዩ። አውጪው ቢላት ስብከት ትሆናለች፤ ጀመዓው በራሱ አፍ ሲላት ግን ቃል ኪዳን ይመስላል። በኸንደቅ ድምፁ ከፍ የተደረገባት የመጨረሻዋ ቃል ትዝ ትበላችሁ። ዜማውም ከባልዲው ጋር ይሂድ። የመድረክ ነሺዳ ሲረዝምና ሲንቀረፈፍ ያምራል፤ ሁለት ባልዲ ይዞ የሚራመድ ልጅ ግን እስትንፋሱ አጭር ነው። በደቦ አጨዳ ላይ የሚባለውን ዜማ አስታውሱ፤ ማጭዱ ሲወርድ ምቱ ይወርዳል። ልጆቹን ባልዲ አስይዛችሁ እያራመዳችሁ አለማምዷቸው፤ ትንፋሽ ያሳጣቸውን ስንኝ ያለ ርኅራኄ ቁረጡት።

የሚባልበት ጊዜም ይወሰን። ከኅዳር ጀምሮ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ በየሳምንቱ፣ ለምሳሌ እሑድ ከዐስር በኋላ፣ በችግኞቹ መካከል ይባል። በሠርግ ላይ እንዳይባል መከልከል አይቻልም፤ ግን በሠርጉ ላይ የሚለው ሰው ባለፈው እሑድ ባልዲ የያዘ መሆኑን መንደሩ ያውቃል። ወንድማችንም ራሱ ሁለት ባልዲ ይያዝ። ልጆቹ ድምፁን ብቻ ከሰሙ ድምፁን ብቻ ነው የሚቀዱት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰባቱ የተረፉት ችግኞች የት እንደተተከሉ በደብዳቤው አልተጻፈም። ከዉዱእ ቦታው አጠገብ ይሆኑ ይሆን? ወይስ አንዲት እናት በየዕለቱ ከቤቷ ስትወጣ እያጠጣቻቸው ነው? ግጥም ከመጀመራችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ። እንዲህ ያለች እናት ከተገኘች የነሺዳው መግቢያ የእርሷ ታሪክ ይሁን፤ ስሟን ግን እንድትጠሩት ካልፈቀደች አትጥሩት።

ቡድኑ የሚደርሰውን አዲስ ነሺዳ በስልክ ቀድታችሁ ብትልኩልን በዚሁ ዝግጅት እናሰማዋለን ኢንሻአላህ። ከድምፁ ጋር ግን የካቲት ላይ ቆመው የተገኙትን ችግኞች ቁጥር ጽፋችሁ ላኩ፤ ሁለቱን አብረን እናነባቸዋለን። ሌሎች የነሺዳ ቡድኖችም የጥር ነሺዳ ካላችሁ አድራሻችን ያው ነው።